የደረቱ ክርና የሆዱ ክር

ባሌን የቀበርሁት ሆዱ ከደረቱ በሁለት ጋት በልጦ ነው። ይህን በዓይን ግምት አይደለም የምናገረው። ራሴ በፈተልሁት ክር፣ በገዛ እጄ፣ በየእሑዱ እየለካሁ ነው ያወቅሁት። ልኩን ከማንም አሳምሬ ዐውቅ ነበር። ያላወቅሁት ሌላውን ሁሉ ነው።

ሲያገባኝ ነጋዴ ነበር። ከአሊዩ አምባ ጥጥና አሞሌ በበቅሎ እየጫነ ደጋ ያወጣል፣ ከደጋ ባቄላና ገብስ ይዞ ይወርዳል። ጣሊያን ሲገባ በቅሎዎቹን ለጦር ጭነት ወሰዱበት። የደጋው መንገድም አርበኛና ጣሊያን የሚታኮሱበት ሆነና ንግዱ ቆመ። ያን ጊዜ ወደ ደሴ የሚያልፈው የመኪና መንገድ በሸዋ ሮቢት በኩል ይሠራ ስለ ነበር፣ እንደ ሌላው ሁሉ ድንጋይ ሊሸከም ካምፕ ገባ። አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ አርጎብኛም ይችል ነበርና ብዙ ሳይቆይ ካቦ አደረጉት። ካቦ ማለት አለቃ ነው፤ አርባ ሰው ያሠራል። "ለጣሊያን አደሩ" ያሉን ነበሩ። አልዋሹም። መብላት ነበረብን።

አባቴ መሪጌታ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልወለደ ፊደሉንም ዳዊቱንም ለእኔ አስተማረኝ። የፈረንጁን ቁጥር ግን ያስተማረኝ ባሌ ነው። በመንገዱ ዳር የሚተከለው የኪሎሜትር ድንጋይ ላይ ቁጥር ይጻፋል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየወሰደ ያስነብበኝ ነበር። "ይቺ ራሷ የከበዳት ዘጠኝ ናት፤ ይቺ ሁለት ሆድ ያላት ስምንት" እያለ። ቤት ውስጥ አንተ እለዋለሁ፤ ሰው ፊት አንቱ። አንቱ ባልሁት ቁጥር ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው የሚፈልግ ይመስል ያሾፍብኝ ነበር።

የዚያን ጊዜ ወንድ ወገቡን በድግ ሳይታጠቅ ከቤት አይወጣም። የባሌን ድግ እኔ ፈትዬ፣ ሸማኔ ነው የሠራው። ጠዋት እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ ምሰሶው አጠገብ እቆማለሁ፤ እሱ ሌላውን ጫፍ ወገቡ ላይ ይይዝና እየተሽከረከረ ወደ እኔ ይመጣል። ስንጋባ አምስት ዙር ዞሮ አንድ ስንዝር ይተርፍ ነበር። ካቦ በሆነ በዓመቱ አራት ዙር ዞረና አምስተኛው አልሞላ አለ።

"አጠረሳ ይሄ ድግ!" አለኝ።

"ድጉ አላጠረም። አንተ ነህ የሰፋኸው።"

"ማን አሰፋኝ ታዲያ?"

"እኔ ነኛ!"

ሳቅን። ኩራቴን አልደብቅም። እኛ ቆላ ውስጥ ንዳድ በየዓመቱ የወንዱን ሥጋ እየላጠ ይወስዳል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያልከሳ ባል ያላት ሴት አንገቷን ቀና አድርጋ ገበያ ትወርዳለች። ሴቶቹ "አንቺ፣ ሰውዬሽን ምን እያበላሽው ነው?" ሲሉኝ ጎመንና የማሽላ እንጀራ መሆኑን እያወቅሁ ቅቤ ያለ አስመስዬ ዝም እላለሁ። በዚያ ክረምት ማለቂያ ንዳዱ ሦስት ጊዜ ጥሎት ነበር። ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ በአራተኛው ቀን ተነሥቶ ሥራ ይሄዳል። በተነሣ ቁጥር ሆዱ ትንሽ ጨምሮ አየዋለሁ። ተመስገን፣ አገገመ እላለሁ።

ነገሩን ያመጣው የካምፑ ዕቃ ቤት ሹም ሞት ነው። በጣም ወፍራም ጣሊያን ነበር። አንድ ቀን ምሳውን በልቶ ሲነሣ ማዕዱ ላይ ተደፍቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ የካምፑ ሐኪም፣ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ ሆድ ያላቸውን ሁሉ መለካት ጀመረ። ጣሊያኖቹን ለካ፣ ሾፌሮቹን ለካ፣ ካቦዎቹን ለካ። ድንጋይ ፈላጮቹን ማንም አልለካቸውም። እነሱ የሚለካ ሆድ አልነበራቸውም።

ባሌ የተለካ ቀን "ነገ ምግብ የምታበስልልህ ትምጣ" ተብሎ መጣ። በማግስቱ የታጠበ ቀሚሴን ለብሼ አብሬው ሄድሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሐኪሙና አስተርጓሚው ነበሩ። አስተርጓሚው ከሰሜን የመጣ፣ ካኪ የለበሰ፣ አማርኛው የተቀለጣጠፈ ሰው ነው። የኔን ባል የሚያህለውን ሰው አንተ ይላል።

"ቁም። እጅህን አንሣ። ትንፋሽህን አውጣ" አለው።

ሐኪሙ ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ አዞረ፣ ጻፈ። በእምብርቱ ዙሪያ አዞረ፣ ጻፈ። ወረቀቱን ከቆምሁበት አየሁት፤ ዘጠና ሁለትና ዘጠና ሰባት። በመንገድ ዳር ድንጋይ የተማርሁት ቁጥር ባሌ ላይ ሲጻፍ ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ማንበቤ ነው። ደስ አለኝ።

"ሆድህ ደረትህን በልጦታል ይልሃል" አለ አስተርጓሚው።

"ለሆዴ ንገረው። እኔ አላዘዝሁትም" አለ ባሌ።

አስተርጓሚው ሳቀ፤ ይህን ግን ለሐኪሙ አልነገረውም። ሐኪሙ ረጅም ነገር ተናገረ። ሲናገር አልተቆጣም፤ እንዲያውም ያዘነ ይመስል ነበር። ሆዱ ከደረቱ የበለጠ ሰው ልቡ በስብ ትታፈናለች፤ አንድ ቀን እንደ ዕቃ ቤቱ ሹም ሳይታሰብ ይወድቃል አለ። ስንቱን እንዲህ ሲወድቅ አይቻለሁ አለ። ከዚያ አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ።

"ሴትዮ፣ ባልሽን እየገደልሽው ነው ይልሻል።"

"እኔ? በምን?"

"በቅቤ።"

"ቅቤ ካየን እኮ ሰነበትን።"

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። አትከራከሪ፤ ስሚ። ቅቤ አይንካ። ጠላ አይቅመስ። እንጀራ ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ይለካል። ያን ቀን ሆዱ ከደረቱ ካላነሰ ከካምፑ ይወጣል፤ እዚህ ወድቆ እንዲሞት አይፈልጉም።"

ሐኪሙ ባሌን በእጁ አልነካውም። የነካው በሜትሩ ነው። ይህን ያን ጊዜ አላስተዋልሁም፤ ባስተውልም ኖሮ እንደ ንጽሕና እቆጥርለት ነበር።

ስንመለስ ባሌ በመንገዱ ሁሉ የሹሙን አወዳደቅ እያስመሰለ ሊያስቀኝ ሞከረ። እኔ አልሳቅሁም። የሞተውን ሹም አይቼዋለሁ፤ አራት ሰው ነው የተሸከመው። በጭንቅላቴ ውስጥ እሱን አውጥቼ ባሌን አስተኛሁበት። ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ካቦነቱ ቢቀር ግድ አልነበረኝም። ገደልሽው መባሉ ነው ውስጤ የገባው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራውን በገዛ እጄ መሀል ለመሀል እቆርጣለሁ። ግማሹን ለእሱ አቀርባለሁ። ሌላውን ግማሽ ሞሰቡ ውስጥ እመልሰዋለሁ፤ እሱ ሲመለስ ያየዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ቀልድ ነበረው፤ "ያቺ እኅቷ ብቻዋን ምን ትሠራለች? አምጫትና ትጫወት" ይላል። "ይበቃሃል" እላለሁ። የተረፈውን ግማሽ ምን እንደማደርገው ማንም አልጠየቀኝም። እበላው ነበር። ምግብ አይጣልም ብዬ በላሁት። ያን ዓመት በቤታችን ውስጥ የወፈርሁት እኔ ነኝ፤ ማንም በሜትር አልለካኝም።

እስከ ፋሲካ መጠበቅ አላስቻለኝም። ሜትር ስላልነበረኝ ሁለት ክር ፈተልሁ፤ አንዱ ለደረቱ፣ አንዱ ለሆዱ። እሑድ እሑድ ሸሚዙን አውልቆ በር ላይ ይቆምልኛል፤ ክሩን አዙሬ የደረሰበት ላይ እቋጥራለሁ። ከዚያ ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን ይዤ አስተያያለሁ። ሐኪሙ ያለው ግልጽ ነው፤ የሆዱ ክር ከደረቱ ክር ማጠር አለበት። ይህ ከሆነ ይድናል። ካልሆነ ይወድቃል።

የሆዱ ክር አላጠረም። የደረቱ ክር ግን አጠረ። በየሳምንቱ ቋጠሮው ወደ ውስጥ እየገባ መጣ። ምን ማለት እንደ ሆነ አሁን ሳስበው ሕፃን እንኳ የማይስተው ነገር ነው። ሰውዬው እየከሳ ነው። እኔ ግን ያየሁት የሁለቱን ክር ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሰፋ። ስለዚህ ምግቡ ሁሉ ወደ ሆዱ እየሄደ ነው አልሁ። ስለዚህ ገና ብዙ ይበላል አልሁ። ግማሹን እንጀራ ከግማሽ አሳነስሁት።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ነገሩ ቀለለልኝ። አገሩ ሁሉ ይጾማል፤ የእኔ ቤት ብቻ አይደለም ምግብ የቀነሰው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ጠጠር መንገድ ላይ ቆሞ ይውላል። ሲመጣ ደጃፉ ላይ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥና ትንሽ ትንፋሽ እስኪያገኝ ድረስ ወደ ውስጥ አይገባም። ጫማውን ሲያወልቅ የጫማው ማሰሪያ ምልክት እግሩ ላይ ተሰርጉዶ ይቀር ነበር። ጫማው ጠበበው አልሁ። ወፍሯላ!

ጎረቤታችን አንዲት አሮጊት የአርጎባ ሴት ነበሩ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ግመል ይነግዱ ነበር፤ እሳቸው ጥጥ ይሸጡልኛል። አንድ ቀን ጥጥ ይዘው ሲመጡ ባሌን ደጃፉ ላይ አገኙት።

"ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?" አሉኝ።

"ምንም አልሆኑ፣ እትዬ። ወፍረው ነው። ሐኪም ምግብ ቀንሱ ብሏቸዋል።"

"ወፍረው? እስኪ ክንድህን አምጣ፣ ልጄ።"

ባሌ እጅጌውን ሰብስቦ ሰጣቸው። ከክርኑ በላይ በአውራ ጣታቸውና በመሀል ጣታቸው ጨበጡት። ጣቶቻቸው ተገናኙ።

"ሱብሃነላህ! ይሄ የወፈረ ሰው ክንድ ነው? የእኔ የአሮጊቷ ይበልጠዋል!"

"ሆዳቸውን አያዩም?" አልሁ።

"ሆድ ምን ያደርግልሻል? እኛ ግመል ስንገዛ ሆዱን አናይም። ሻጩ አሞሌ ያልሰውና ውሃ አጠጥቶ፣ ሆዱን ነፍቶ ነው ገበያ የሚያወጣው። ሆድ አይቶ የሚገዛ ጅል ነው። ዐዋቂ ሻኛውን ነው የሚጨብጥ። ሻኛው ከሌለ ግመሉ የለም። የዚህ ልጅ ሻኛው አልቋል።"

"አሁን ከግመል እኩል አደረጉኝ?" አለ ባሌ።

"ግመልማ ብትሆን ኖሮ ገና ድሮ ይታወቅልህ ነበር" አሉት።

እሱ ሳቀ። እኔ ተቆጣሁ። የተቆጣሁት ጎረቤት ፊት ባሌን አስርባለሁ የተባልሁ መስሎኝ ነው። "እሱ የተማረ ሐኪም ነው፤ በሜትር ለክቶ ነው የተናገረው። ጣትና ሜትር አንድ አይደለም" አልኋቸው። ፊደል የቆጠርሁ ሴት ነኝ፣ ቁጥሩን ራሴ አንብቤዋለሁ፣ ከግመል ነጋዴ ሚስት አልማርም ማለቴ ነበር። እሳቸውም ገብቷቸዋል። ጥጡን አስቀመጡልኝና፣ "ወላሂ፣ አንድ ሳምንት አብልተሽ እዪው" ብለው ሄዱ። አብልቼ አላየሁትም።

በዚያው ሰሞን ልብሱን ላጥብ ወንዝ ይዤ ስወርድ ከኮቱ ኪስ ውስጥ ግማሽ ጋሌጣ አገኘሁ። ጋሌጣ የጣሊያን ወታደሮች የሚበሉት እንደ ጣውላ የደረቀ ብስኩት ነው። ልብሱን ሳላጥብ ተመለስሁ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጋሌጣ።"

"ማን ሰጠህ?"

"አንዱ ወታደር።"

"ስንት በላህ?"

"ግማሹን።"

"ትዋሻለህ!"

"ግማሹን ነው። ሌላው ይኸው እጅሽ ላይ አለ።"

"ልትሞትብኝ ነው የፈለግኸው? በየእሑዱ የምለካህ ለጨዋታ ነው? ለካስ ይሄ ነው ሆድህን የሚነፋው! እዚህ ጿሚ፣ እዚያ በላተኛ!"

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ርቦኝ ነው" አለ።

አርባ ሰው የሚያዝ ሰው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። እኔ ጋሌጣውን ለዶሮዎቹ ወረወርሁት። ዶሮዎቹ ድርቀቱ አልሰበር ብሏቸው ሲያንከባልሉት ሲያንከባልሉት እሱ ቁጭ ብሎ ይመለከታቸው ነበር። ይህችን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከዚህ በላይ ላሳምረው አልችልም።

ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ሌባ እፈትሸው ጀመር። ሲመጣ ኪሱን እዳስሳለሁ፣ አፉን አሸታለሁ። እሱም ልማድ ሆኖበት በሩ ላይ እጆቹን ዘርግቶ ይቆምልኝ ነበር። ሐኪሙ ፊት ሲለካ እንደሚቆመው አድርጎ።

ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ሄድን። ሜትሩ ዞረ። ደረት ሰማንያ ሰባት፣ ሆድ መቶ አንድ። ሐኪሙ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለውና መነጽሩን አወለቀ።

"ይሰርቃል ይላል" አለ አስተርጓሚው። "ወይ እሱ ከማዕድ ቤት ይሰርቃል፣ ወይ አንቺ ትደብቂለታለሽ። ሆድ ከአየር አይሞላም ይላል።"

"በአምላክ እናት በማርያም! ከግማሽ እንጀራ በታች ነው የምሰጣቸው" አልሁ።

"እንግዲያ እሱ ነው።"

እኔም ባሌን አየሁት። ሐኪሙም፣ አስተርጓሚውም፣ እኔም፣ ሦስታችንም በአንድ ዓይን አየነው። ሸሚዙን በእጁ እንደ ያዘ፣ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ እየተቆጠረ፣ መሀላችን ቆሞ ነበር። የጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ ወፍራም ነው አልን። ሜትሩ አልዋሸም፤ መቶ አንድ መቶ አንድ ነው። በውስጡ ምን እንዳለ ብቻ ማንም አልጠየቀም።

በዚያው ቀን ከካምፑ አስወጡት።

ፋሲካ ዋለ፤ ሰው ሁሉ ገደፈ። እኔ አላስገደፍሁትም። በግ ያረዱ ጎረቤቶች ቁርጥ ቢልኩልን መልሼ ላክሁት። ያን ጊዜ የእሱ ቀልድም ቆሞ ነበር። በዓሉ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ከደጃፉ ተነሥቶ ሊገባ ሲል ተንበረከከና መነሣት አቃተው። ያሠራቸው የነበሩ ሰዎች ሰምተው በቃሬዛ ተሸክመው ካምፕ አደረሱት። የሹሙን ሬሳ አራት ሰው ነበር ያነሣው። ባሌን ሁለት ሰው ተሸከመው፤ እነሱም መንገዱን ሙሉ አልተቀባበሉም።

ሐኪሙ ሜትሩን ያዘና ቃሬዛው ላይ ጎንበስ አለ። ከዚያ ሜትሩን ኪሱ ከተተው። ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አሳረፈበት። ሆዱን በአንዱ ጎን በመዳፉ ይዞ በሌላው ጎን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ከግራ የጎድን አጥንቱ ሥር ጣቶቹን አስገብቶ ቆየ። የዓይኑን ሽፋን ገልጦ አየ። ቅልጥሙን በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ ጣቱን ሲያነሣ ጉድጓድ ቀረ። ጉድጓዱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ቀና ሳይል ለአስተርጓሚው አንድ አጭር ነገር ተናገረው።

"እትዬ" አለኝ አስተርጓሚው፣ "የፈለጉትን ይብሉ ተብሏል።"

"ምን አልህ?"

"ይብሉ። ያማራቸውን ሁሉ።"

"ቅቤም?"

"ቅቤም።"

"ጠላስ?"

"ጠላም ይጠጡ።"

"ተሻላቸው ማለት ነው?"

"ይብሉ ነው የተባለው፣ እትዬ።"

ያን ቀን ብቻ እኔን እትዬ፣ ባሌን አንቱ ማለቱን ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ደስታ አሰከረኝ። ይብላ ማለት ዳነ ማለት ነው ብዬ ነው የተረዳሁት። ሌላ ምን ትርጉም አለው? ከቃሬዛው ቀድሜ እየሮጥሁ ነው የገባሁ። በአሮጊቷ ጎረቤቴ ደጅ ሳልፍ፣ "እትዬ! ይብሉ ተባሉ!" ብዬ ጮኽሁ። ትንሽም ላበሽቃቸው ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን እልል አላሉልኝም። ጥጣቸውን አስቀምጠው ተነሥተው ቆሙ።

ዶሮ አረድሁ። ቅቤ ተበድሬ፣ በርበሬ አሳንሼ፣ ሆዱ እንዳይደነግጥ ብዬ አለስልሼ ሠራሁት። ሙሉ እንጀራ አነጠፍሁ። አልቆረጥሁትም። አጠገቡ አቀረብሁና ቀና አድርጌ ትራስ ደገፍሁለት። ገበታውን ከዳር እስከ ዳር አየው።

"ሙሉ ነው" አለ።

"ሙሉ ነው። ብላ! ከአሁን ጀምሮ ያማረህን ሁሉ ነው የምትበላው።"

"አሁን ነው እንዴ የምታመጪው?" አለኝ። ከከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግ ብሎ ነበር። ከብዙ ቀን በኋላ ያየሁት ቀልዱ ነው።

አጎረስሁት። አፉ ውስጥ ያዛትና ረጅም ጊዜ አላመጣት። መዋጥ አቅቶት እንደ ነበር ፊቱ ይናገራል። እኔ ግን ዓይን ዓይኑን እያየሁ እጠብቅ ነበር፤ ሁለተኛውን ጉርሻ በእጄ አዘጋጅቻለሁ። በመጨረሻ ዋጣት። ለሆዱ አይደለም የዋጣት። እኔ ስለ ቆምሁ ነው። ሁለተኛውን ጉርሻ በእጁ መለስ አድርጎ፣ "አንቺ ብዪው" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ነው የቆየው። ያው በር ላይ አቁሜ የምለካበት እሑድ መጣ፤ እኔም፣ እንዲያው ሌላ የማደርገው አጥቼ፣ በተኛበት እየለካሁት ሳለ ክሩ በሆዱ ላይ ሲያልፍ ዓይኑን ከደነ። ሲመሽ ዐረፈ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የንዳድ መድኃኒት የሚያድል ድሬሰር በእኛ በኩል አለፈ። አበሻ ነው፣ ትሑት ሰው። ኪኒኔን ተቀብዬ ሰዉ እስኪወጣ ጠበቅሁና የባሌን ነገር ከመጀመሪያው ነገርሁት። ቁጥሮቹን በቃሌ ነው የነገርሁት፤ ዘጠና ሁለትና ዘጠና ሰባት፣ ሰማንያ ሰባትና መቶ አንድ። እሱም ንዳድ ሲደጋገም ጣፊያ እንደሚያብጥ፣ ጉበትም ሲጎዳ ሆድ ውሃ እንደሚቋጥር አስረዳኝ። ሐኪሙ ያለው ለጠገበ ሰው ልክ ነው አለኝ፤ ሆዱ በስብ የገፋ ሰው ያሰጋል፣ መለካቱም አይከፋም። ነገር ግን ሆድ እየጨመረ ክንድ ከቀጠነ እሱ ውፍረት አይደለም፤ በሽታ ነው አለኝ። "ክንዱንስ ለክታችሁት ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አንዲት ጎረቤቴ ለክተውት ነበር" አልሁ።

"ምን አሉ?"

"አብዪው አሉ።"

ያን ጊዜ የመጣሁበትን ጠየቅሁት፤ "ባላጎድልበት ኖሮ ይድን ነበር?"

"ላይድን ይችል ነበር" አለ። ትንሽ አሰበና፣ "ግን እንዲህ ተርቦ አይሞትም ነበር" አለኝ። እውነቱን ስለ ነገረኝ አልጠላሁትም። ከእሱ በቀር እውነቱን የነገሩኝ አሮጊቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውንም አንቋሽሼ ነው የመለስኋቸው።

በማግስቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ባሌን አስርቤ ገደልሁት ብዬ ነገርኋቸው። ዕድሜያቸው የገፋ ደግ ሰው ናቸው፤ ሊያጽናኑኝ ፈለጉ። "ልጄ፣ ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ሳያውቀውም ቢሆን ጾም ሆኖ ይቆጠርለታል። እንዲህ ያለ ሞት ዋጋ አለው" አሉኝ።

"አባቴ፣ እሱ አልጾመም" አልኋቸው። "የጾመ ሰው ምግቡን ራሱ ነው የሚተወው። እሱ ጠይቆኝ ነበር። ርቦኛል ብሎኝ ነበር።"

መስቀላቸውን በእጃቸው ያገላብጡ ጀመር። ምን ንስሐ እንደሚሰጡኝ የጨነቃቸው ይመስሉ ነበር። ብዙ ጠበቅሁ። ሲዘገዩብኝ ጊዜ መስቀሉን ሳልሳለም ተነሥቼ ወጣሁ፤ እሳቸውም መልሰው አልጠሩኝም።